ትናንት የነበረው ቻናል ዛሬ የት ሄደ?

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በአንቴና ቴሌቪዥን ለሚያዩ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አባቴ ካውቦይ ፊልም ይወዳል። ከደብረ ብርሃን መጥቶ እኛ ጋ ሲከርም ቀኑን የሚገፋው በአንቴና በሚመጣ አንድ የድሮ ፊልም ቻናል ነበር። አንድ ረቡዕ ከሥራ ስገባ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ እሱ ሶፋው ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። «ነካክቼ አበላሸሁባችሁ መሰለኝ» አለኝ። ለካ ከሰኞ ጀምሮ ሪሞቱን አልነካውም። እንዳያስቸግረን ብሎ ለማንም አልተናገረም።

አባቴ ምንም አላበላሸም። ቻናሉ ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛውሮ ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አገኘነው። ያ ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። ስንት አባትና እናት በዚህ አገር ቤት ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው፣ ሌላ ቦታ በተወሰነ ውሳኔ ራሳቸውን ይወቅሱ ይሆን?

ከዚያ ወዲህ ጎረቤትም ዘመድም ሲጠይቀኝ የመለስኩትን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ንዑስ ቻናል ምንድነው? 4.1፣ 4.2 የሚለው ነጥብ ምን ማለት ነው?

ግቢ ያለው ሰው ዋናውን ቤት ይዞ ሰርቪስ ቤቶቹን እንደሚያከራይ አስቡት። ነገሩ እሱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ ጣቢያዎች የድሮውን አናሎግ ሥርጭት ያቆሙት ሰኔ 12 ቀን 2009 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ጣቢያ በተሰጠው የ6 ሜጋኸርዝ ቦታ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነበር የሚያሰራጨው። በዲጂታል ግን በዚያው ቦታ በሰከንድ 19.39 ሜጋቢት ያህል መረጃ ይልካል። ይህ ለብዙ ቻናል ይበቃል። ስለዚህ 4.1 ዋናው ቤት ነው፣ የኤንቢሲ ጣቢያ። 4.2 ደግሞ ሰርቪሱ ነው። እዚያ ኮዚ የሚባል የድሮ ድራማዎች ቻናል አለ።

ሰርቪስ ቤቱ ሲበዛ የውኃው ግፊት እንደሚቀንስ ሁሉ፣ ንዑስ ቻናል ሲጨመር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው መረጃ ይቀንሳል። አንዳንዱ ንዑስ ቻናል ደብዘዝ ብሎ የሚታየው፣ ኳስ ሲያሳይ ሣሩ ጭቃ የሚመስለው ለዚህ ነው። ቴሌቪዥናችሁ አላረጀም።

ቻናሉ ድንገት «ሲግናል የለም» አለኝ። ምን ላድርግ?

ከሁሉ በፊት ሌሎቹን ቻናሎች እዩ። ሁሉም ከጠፉ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። ገመዱ ላልቶ ይሆናል፣ ወይም ልጅ ሪሞቱን ነካክቶ ወደ ኤችዲኤምአይ ቀይሮታል። አንድ ቻናል ብቻ፣ ወይም የአንድ ቁጥር ቤተሰቦች በሙሉ (ለምሳሌ ሁሉም 20ዎቹ) ከጠፉ ግን እናንተ ጋ ላይሆን ይችላል። ያኔ እንደገና ስካን አድርጉ።

አደራረጉ ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ግቡ፣ «ቻናል» የሚለውን ፈልጉ፣ ከዚያ «ኦቶ ስካን» ወይም «ኦቶ ፕሮግራም» የሚለውን ተጫኑ። አንቴና ወይስ ኬብል ብሎ ከጠየቃችሁ አንቴና በሉት። አንዳንዱ ቴሌቪዥን አንቴናን «ኤር» ይለዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኬብል ይመርጥና «ስካን አድርጌ ምንም አላመጣም» ይላል። ካለቀ በኋላ ካልመጣ ሁለት ጊዜ የሚደረገውን ሞክሩ። የአንቴናውን ገመድ ከቴሌቪዥኑ ነቅላችሁ ስካን አድርጉ። ምንም አያገኝም፣ የድሮው ዝርዝርም ይጠፋል። ከዚያ ገመዱን መልሳችሁ እንደገና ስካን አድርጉ። አንዳንድ ቴሌቪዥን የድሮ አድራሻ ይዞ ስለሚቀር ይህ ያጸዳዋል። የአባቴን ቻናል የመለሰው ይኸው ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ዝናብና ንፋስ ባለበት ሰዓት ይህን አታድርጉ። በዚያች ሰዓት የደከመ ቻናል ከዝርዝሩ ይወጣና ሰማዩ ሲጠራም ተመልሶ አይታያችሁም።

ቁጥሩ እኮ አልተለወጠም። 7 ያው 7 ነው። ታዲያ ስካን ለምን ያስፈልጋል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም ግራ መጋባት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በእኛ ዘንድ ሰው የቤት ስም አለው፣ የመዝገብ ስምም አለው። ሰፈሩ ማሙሽ ይለዋል፣ መታወቂያው ላይ ሌላ ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያም እንደዚሁ ነው። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ቁጥር የቤት ስሙ ነው። ሞገዱ በእውነት የሚመጣበት ቻናል የመዝገብ ስሙ ነው። ኤንቢሲ 4 የሚመጣው በ34 ነው። ፎክስ 5 በ36 ነው። ባልቲሞር ላይ ደግሞ የባሰ አለ። 13 የምንለው ጣቢያ የሚመጣው በ11 ነው፣ 11 የምንለው ደግሞ በ12!

ስካን ማለት ቴሌቪዥኑ «4 የሚባለው የት ነው የሚኖረው?» ብሎ ቤት ለቤት ዞሮ መመዝገቡ ነው። ጣቢያው ቤት ከቀየረ ቴሌቪዥኑ አሮጌው በር ላይ ቆሞ ያንኳኳል። ስም አልተለወጠም፣ አድራሻው ግን ተለውጧል።

አገር ቤት ቻናሎቻችን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲሄዱ ዲሽ ማዞር ነበረብን፣ ባለሙያ ጠርተን፣ ጣራ ላይ ወጥተን። እዚህ ሪሞቱ ይበቃል።

ለምን ይቀይራሉ ታዲያ? ዝም ብለው ባሉበት አይቀመጡም?

ትልቁ ቅያሪ የመጣው በስልካችን ምክንያት ነው። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኤፍ ሲ ሲ የሚባለው፣ የቴሌቪዥን ሞገድ ከጣቢያዎች ገዝቶ ለሞባይል ድርጅቶች የሚሸጥበት ጨረታ አወጣ። ጨረታው በ2017 ተዘጋ። 19.8 ቢሊዮን ዶላር ተሰበሰበበት። ከሁሉ በላይ የገዛው ቲ ሞባይል ነው። ከ38 እስከ 51 ያሉት የቴሌቪዥን ቻናሎች ለስልክ ተለቀቁ።

እዚያ ይኖሩ የነበሩ ጣቢያዎች ታዲያ ወደ ታች ተጠጋጉ። 987 ጣቢያዎች በአሥር ዙር ቦታ ቀየሩ፣ የመጨረሻው ዙር ያለቀው ሐምሌ 3 ቀን 2020 ነው። ኮሮና ቤት ዘግቶብን ቴሌቪዥን ላይ በተጣድንበት ወራት ማለት ነው። የኤንቢሲ 4 ሞገድ ከ48 ወደ 34 የወረደው በዚሁ ምክንያት ነው። ጣቢያዎቹ ከ30 ቀን በፊት ጀምረው በስክሪን ግርጌ ማስታወቂያ እንዲያሳዩ ታዘው ነበር። ማስታወቂያው ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈጥኖ ያልፋል፣ ቀን ቀን ቤት የሚውሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ የማያነቡት ናቸው።

አንዳንዶቹ ሞገዳቸውን ሸጠው ከሌላ ጣቢያ ጋር ተዳብለው መኖር ጀመሩ። 20 ቁጥር እንደዚያ ነው። ዛሬ የሚመጣው ከፎክስ 5 ጋር በአንድ ሞገድ ነው። ስለዚህ ፎክስ 5 ቤታችሁ ከገባ 20ም መግባት አለበት። አንዱ ኖሮ ሌላው ከሌለ ስካን አድርጉ።

ድሮ የውጭ ዜና የምናይባቸው እነዚያ ቻናሎችስ?

ኤምኤችዚ ማለታችሁ ነው። እኔም ይናፍቁኛል። ከሰሜን ቨርጂኒያ ሁለት ጣቢያዎች በብዙ ንዑስ ቻናል የፈረንሳዩን ፍራንስ 24፣ የጃፓኑን ኤንኤችኬ ወርልድ፣ የጀርመኑን ዶይቸ ቬለ ያመጡልን ነበር። ያለ ኬብል፣ ያለ ክፍያ። ታክሲ የሚነዱ ጓደኞቼ ሌሊት ገብተው የአፍሪካን ዜና የሚሰሙት ከዚያ ነበር። የጣቢያዎቹ ባለቤት በዚያው ጨረታ ሞገዳቸውን ሸጠ፣ በ2018 ከዚህ አካባቢ አየር ወጡ። ይህኛውን ስካን አይመልሰውም።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ ለውጥ ትልቁ ጉዳት ይህ ነው። የስልኩ ኢንተርኔት ፈጥኗል፣ እውነት ነው። ግን በወር የሚከፈልበት ነገር በነፃ የሚታየውን ተካው።

ሲግናሉ አለ፣ ፕሮግራሙ ግን ሌላ ሆነ። ይህስ?

ተከራይ ወጥቶ ሌላ ተከራይ ገብቷል ማለት ነው።

አብዛኞቹ ንዑስ ቻናሎች የጣቢያው የራሱ አይደሉም። ፕሮግራሙን የሚሠራው ሌላ ድርጅት ነው። ወይ ለጣቢያው ኪራይ ይከፍላል፣ ወይ የማስታወቂያውን ሰዓት ይካፈላሉ። ውሉ ሲያልቅ ድርጅቱ የተሻለ ዋጋ ወዳገኘበት ይሄዳል። አንዳንዴ ደግሞ የራሱን ቤት ይገዛል። ስክሪፕስ የሚባለው ኩባንያ በጥር 2021 አዮን የተባለውን የጣቢያዎች ሰንሰለት በ2.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። እኛ ጋ 66 ላይ ያለው ማለት ነው። ስክሪፕስ ግሪትና ላፍን የመሳሰሉ ቻናሎች ነበሩት፣ በሰው ቤት የሚኖሩ። የራሱን ቤት ካገኘ በኋላ ለእነሱ ቦታ ለማስለቀቅ እዚያ የነበሩትን አስወጣ። ከወጡት አንዱ ኩቦ ነው፣ የሕፃናት ቻናል። በየካቲት 2021 መጨረሻ ተዘጋ። ልጆቻቸውን በኩቦ ያሳደጉ እናቶች ያን ሳምንት ስካን ሲያደርጉ፣ ደግመው ሲያደርጉ ትዝ ይለኛል። የትም አልሄደም፣ ጨርሶ ቆሟል።

ያው ኩባንያ ቀኑን ሙሉ ዜና የሚያሳይ ነፃ ቻናልም ነበረው። ስክሪፕስ ኒውስ ይባል ነበር። በኅዳር 2024 ከአንቴና ወርዶ በኢንተርኔት ብቻ ቀረ። ማስታወቂያ አላስገባም ነው ምክንያቱ። ቻናል ስሙን ብቻ የሚቀይርበት ጊዜም አለ። ስሙ አዲስ ሆኖ ፕሮግራሙ ያው ከሆነ አትደናገጡ።

ለሕፃናት ዛሬም 26 ላይ ፒቢኤስ ኪድስ አለ፣ ሙሉ ቀን። ግን የሕዝብ ጣቢያዎችም ጊዜው ከብዷቸዋል። ኮንግረስ በሐምሌ 2025 ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የተመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሰርዟል። ልጆቻችሁ ከዚያ ቻናል ፊደልና ቁጥር እየተማሩ ከሆነ፣ ትንሽም ብትሆን የምትችሉትን ለጣቢያው ማዋጣት አይከፋም።

7 እና 9 ብቻ ያስቸግሩኛል። ሌላው ጥርት ያለ ነው።

ይህን የማይጠይቀኝ ሰው የለም። መልሱ አንቴናችሁ ነው።

ኤቢሲ 7 እና ሲቢኤስ 9 የቤት ስማቸውም የመዝገብ ስማቸውም አንድ ነው። በእውነትም በ7 እና በ9 ነው የሚመጡት። ይህ ቪኤችኤፍ የሚባለው ነው። ሞገዱ ረጅም ስለሆነ ረጅም አንቴና ይፈልጋል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት ስስ አንቴናዎች የተሠሩት በአብዛኛው ለሌሎቹ፣ ለአጫጭሮቹ ሞገዶች ነው።

ርካሹ መፍትሔ የድሮው ባለ ሁለት ቀንድ አንቴና ነው። ሁለቱን ዘንጎች እያንዳንዳቸውን ወደ 40 ሴንቲሜትር አውጧቸው፣ ግራና ቀኝ ዘርጓቸው። እስከ ጫፍ መምዘዝ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ይጎዳል። መስኮት አጠገብ አድርጉት። ብዙዎቹ ትልልቅ ማማዎች ያሉት በሰሜን ምዕራብ ዲሲ በተንሊታውን አካባቢ ስለሆነ፣ ከተቻለ ወደዚያ የሚያይ መስኮት ምረጡ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ከሆናችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከአሌክሳንድሪያ ከሆናችሁ ወደ ሰሜን ማለት ነው። ከዚያ አጠገቡ ያለውን የኤልኢዲ አምፖልና ቻርጀር አጥፍታችሁ እዩ። ርካሽ አምፖል 7 ቁጥርን ሲያቆራርጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

«100 ማይል ይስባል» የሚል አንቴና ልግዛ?

አትግዙ። እኔ ገዝቼ አይቻለሁ። ምድር ክብ ስለሆነች ያን ያህል ርቀት በተለመደ ሁኔታ አይታሰብም። ማጉያ ያለውም ቢሆን ማማው ቅርብ ከሆነ ሲግናሉን አጥለቅልቆ ጭራሽ ያበላሸዋል። ዲሲ ውስጥና በቅርብ ዙሪያዋ ለሚኖር ተራ አንቴና ይበቃል።

አከራዬ «አንቴና አይሰቀልም» አለኝ።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው፣ በልኩ። ከ1996 ጀምሮ የኤፍ ሲ ሲ ደንብ አለ። ለብቻችሁ በምትጠቀሙበት ቦታ፣ ለምሳሌ በራሳችሁ በረንዳ፣ የቴሌቪዥን አንቴና ማድረግን አከራይም ሆነ የነዋሪዎች ማኅበር መከልከል አይችልም። ጣራውና ኮሪደሩ ግን የጋራ ነው፣ እዚያ ያለ ፈቃድ አይቻልም። የውጭ ግድግዳ መብሳትንም ሊከለክሉ ይችላሉ። በረንዳ ላይ በማቆሚያ ወይም በከባድ ድንጋይ ማቆም ከጭቅጭቅ ያድናል። ቤት ውስጥማ የሚጠይቃችሁ የለም።

ኬብል አለኝ። ይህ ሁሉ ይመለከተኛል?

ብዙም አይመለከታችሁም። ግን ሕጉ ኬብል ድርጅቱን ሊያስገድደው የሚችለው ለዋናው ቻናል ብቻ ነው። ስለዚህ በአንቴና የምታገኙት ንዑስ ቻናል በኬብል ላይኖር ይችላል።

የኢትዮጵያ ቻናሎችን በአንቴና ማግኘት ይቻላል?

አንቴና የሚይዘው እዚሁ አካባቢ ማማ ያለውን ጣቢያ ነው። የእኛዎቹ የሚመጡት በሳተላይትና በኢንተርኔት ነው። ለኳስ ግን አንቴናው ይክሳል። ከእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ብዙ ቅዳሜዎች ላይ አንድ ጨዋታ በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 12:30 ላይ በኤንቢሲ 4 በነፃ ይተላለፋል። የ2026 የዓለም ዋንጫ የአሜሪካ መብትም የፎክስና የቴሌሙንዶ ነው፣ ሁለቱም በአንቴና የሚገቡ ናቸው።

ኔክስትጄን ቲቪ የሚባል መጣ ይላሉ። ቴሌቪዥኔን ልጣል?

አትጣሉ። አትቸኩሉ።

ኔክስትጄን አዲሱ የሥርጭት ስልት ነው፣ ሌላው ስሙ ኤቲኤስሲ 3.0 ነው። ኤፍ ሲ ሲ በ2017 ፈቀደው፣ ግን በግዴታ አይደለም። የጀመረ ጣቢያ የድሮውንም አብሮ እንዲያስኬድ ታዟል። ዲሲ ውስጥ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ለአዲሱ ስልት ሞገዱን ያዋለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲው 32 ነው። በ1980 የተመሠረተ፣ በጥቁሮች ባለቤትነት የመጀመሪያው የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። የሌሎቹ ትልልቅ ጣቢያዎች አዲሱ ሥርጭት በእሱ ሞገድ ይመጣል፣ የእሱ የድሮው ሥርጭት ደግሞ በሌላ ጣቢያ ሞገድ ተዳብሎ ይመጣል። 32 በዚያ ሰሞን ጠፍቶባችሁ ከነበረ ምክንያቱ ይህ ነው።

የጣቢያ ባለቤቶች የድሮው ስልት በትልልቆቹ 55 ገበያዎች በየካቲት 2028 እንዲያበቃ ጠይቀዋል። ዲሲ ከትልልቆቹ አንዷ ናት። ኤፍ ሲ ሲም በጥቅምት 2025 የድሮውን ሥርጭት የማጥፋቱን ውሳኔ ለጣቢያዎቹ ለመተው ሐሳብ አቅርቧል። ስጋቴ ሌላ ነው። በአዲሱ ስልት ብዙ ቻናሎች በምስጢር ቁልፍ ተቆልፈው ነው የሚላኩት፣ የተፈቀደ መቀበያ ብቻ ነው የሚከፍታቸው። በነፃ አየር የሚመጣ ነገር ለምን እንደሚቆለፍ እስካሁን የሚያሳምነኝ መልስ አላገኘሁም። ለማንኛውም አዲስ ቴሌቪዥን መግዛታችሁ ካልቀረ ኔክስትጄን እንዳለው ጠይቁ። ለዚህ ብላችሁ ብቻ ግን ገንዘብ አታውጡ። በ2009 መንግሥት ለድሮ ቴሌቪዥን መቀየሪያ መግዣ የ40 ዶላር ኩፖን ሰጥቶ ነበር። የድሮው ከጠፋ እንዲህ ያለ ድጋፍ እንዲኖር መጠየቅ መብታችን ነው።

ቻናሉ በመነሳቱ ለማን አቤት ልበል?

ለጣቢያው። ኤፍ ሲ ሲ የትኛው ፕሮግራም ይታይ የሚለውን አይወስንም፣ ሕገ መንግሥቱም አይፈቅድለትም። ጣቢያው ድረ ገጽ ላይ የተመልካች ስልክ ወይም ኢሜይል አለ። ጻፉ። የምትኖሩበትን ሰፈር፣ ቻናሉን ከመቼ ጀምሮ እንዳጣችሁት ንገሯቸው። ሲግናል ከሆነ ችግሩ ኢንጂነሩ ራሱ የሚደውልበት ጊዜ አለ፣ ለእኔ አንዴ ደውሎልኛል። የኤፍ ሲ ሲ ድረ ገጽ ግን ለሌላ ነገር ይጠቅማል። የቤታችሁን አድራሻ ስታስገቡ የትኞቹ ጣቢያዎች እንደሚደርሷችሁና ሞገዳቸው የትኛው እንደሆነ በካርታ ያሳያችኋል።

እናቴ ቀን ቀን ቤት ብቻዋን ናት። ቻናል ቢጠፋባት ምን ላድርግላት?

አንድ ወረቀት። በአማርኛ፣ በትልቁ ጽፋችሁ ከሪሞቱ አጠገብ ለጥፉ። የሚወዷቸውን ቻናሎች ቁጥር ጻፉ፣ ነጥቡን ሳትረሱ። ከሥር የስካኑን አካሄድ በተራ አስቀምጡ፣ የሚጫኑትን ቁልፍ ሥዕል አድርጋችሁ። ሪሞቱ ላይ በማይነኩት ቁልፍ ላይ ፕላስተር ለጥፉበት፣ በተለይ ግብዓት በሚቀይረው ላይ። አንድ ቅዳሜ አብራችሁ ተቀመጡና እሳቸው ራሳቸው ሁለት ጊዜ ስካን ያድርጉ፣ እናንተ እጃችሁን ሰብስቡ።

በአባቴ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው መስመር «ቻናል ከጠፋ አንተ አላበላሸኸውም» ይላል። ሁለተኛው መስመር «ሴቲንግን ተጫን» ይላል።